ዶክተር ስላልሆነችው ልጃችን

አሰላሙ ዐለይኪ ሰዓዳዬ፣

አንቺ የሌለሽበት አምስተኛው ረመዳን አለፈ። ዒዱን ባቲ ሄደን ከእናትሽ ጋር ዋልን። ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸው ብቻ ነው የሚያስቸግራቸው። መቃብርሽ ጋ ስመጣ ፋቲሓ አንብቤልሽ፣ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ ወሬ አላወራሽም። አጠገብ ሰው አይጠፋም፣ አፍራለሁ። ይሄኛው ወሬ ግን ሆዴ ውስጥ ከረመ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው እንጃ። ይድረስሽ አይድረስሽ አላህ ነው የሚያውቀው። ብቻ ዙህር ሰግጄ፣ አዋሽ በሙቀቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ቁርስ ቤታችን ውስጥ አንቺ የምትወጃት የጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ስትለምኚኝ የኖርሽውን ኮርኒስ አስመታሁ። ሙቀቱ ትንሽ ቀነሰ፣ አይጥ ግን ገባበት። አረንጓዴው ቀለም ተላልጦ ስለነበር ግድግዳውን ነጭ አስቀባሁት፤ ሹፌሮቹ ክሊኒክ አስመሰልከው ብለው ሳቁብኝ። ጎረቤታችን ጎሚስታው አሁንም ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ልክ አዛን ሲል ነው። አሁንም በዚሁ እንጣላለን፣ አሁንም ቁርሱን የሚበላው እኛ ጋ ነው።

ወተት የምንወስደው ያው ከፋጡማ ነው። ያቺው አፋሯ ፋጡማ፣ ያቺው ሥራዋ። ዕቃዋን በእንጨት ጢስ አጥና ነው የምታመጣው፤ ክዳኑ ሲነሳ ሽታው አንቺ በነበርሽበት ጊዜ እንደነበረው ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ ወተቱን አፍልተን ነው የምናቀርበው። አትቆጪኝ። የግመል ወተት ደግሞ ይፈላል ወይ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ፋጡማም ምድጃው ላይ ያየችው ቀን «ወተቴ ታሟል እንዴ፣ የምታክመው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ተቀየመች፤ ብዙ ቀን ሰላምታዋ አጠረብኝ። ገረመው፣ ያ የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ አንቺን «እትዬ ሰዓዳ» እያለ ከተሳቢው ሳይወርድ በመስኮት ሻይ የሚያዝዘው፣ እሱ ደግሞ «አሊ፣ ወተትህን ሾርባ አደረግከው» እያለ ለየሰው ያወራል። ለምን እንደማፈላው የምነግርሽ ስለ ልጃችን ስለ ሀያት ከነገርኩሽ በኋላ ነው፤ ነገሩ ከእሷ ነው የመጣው።

ከአዳማ የመለስንሽ ሰሞን በሩ አጠገብ አልጋ ዘርግተንልሽ፣ ነፋስ ይነካኝ ብለሽ ተኝተሽ ነበር። ሀያት ደጅ ልብስ ታጥባለች። እጄን ይዘሽ «ሀያትን ዶክተር አድርግልኝ፣ አማና ነው» አልሽኝ። እኔም «ኢንሻአላህ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራሽም፣ ስለዚህ ያ ቃል ከሁሉ በልጦ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዶክተር ስሟ ሆነ። እኔ ነኝ ያስጀመርኩት። ሹፌሮቹ «ዶክተር፣ ሻይ ጨምሪልን!» ይሏታል፣ ጎሚስታው «ዶክተር፣ ወገቤን» ይላታል፣ እናትሽ በስልክ «ዶክተሬ ደህና ነች?» ይላሉ። እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ትሕትና ነው ብዬ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈችና ሰመራ ተመደበች። ከዚህ ሩቅ አለመሆኑን አልሐምዱሊላህ አልን፤ መንገዱ የእኛው ሹፌሮች መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ስትጨርስ ውጤቷ ሕክምና የሚያስገባ ሆነ። እኔ እዚህ ለመጣ ሁሉ ሻይ በነፃ አስቀዳሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለችና «አባ፣ ምርጫዬን ሞላሁ። ሕክምናን አላስቀደምኩም» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድነው ያስቀደምሽው?»

«ባዮሜዲካል ሳይንስ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ደም፣ ተሐዋሲያን፣ በሽታ ከምን እንደሚመጣ... ላብራቶሪ በለው በቃ።»

«ሽንት በብልቃጥ የሚቀበሉት ሰዎች?»

«አዎ አባ። እነሱ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ተናድጄ ግን አልነበረም። ከውስጥ ሰው «ዶክተሯ ናት የደወለችው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልኩ።

ምርጫው እስኪዘጋ ጥቂት ቀን እንደቀረ ነግራኝ ነበር። ሄጄ ላስቀይራት ቆረጥኩ። ከመሄዴ በፊት ግን የመስጊዳችንን ሼህ ስለ አማናው ጠየቅኳቸው። «ወላሂ ብለህ ነው ወይስ ኢንሻአላህ?» አሉኝ። ኢንሻአላህ ብዬ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው አላህ ከሻ ብለህ ነው የተናገርከው፤ ደግሞ አማና የተቀበልከው አንተ ነህ፣ የምትማረው እሷ። በሌላ ሰው አንገት ቃል አይገባም» አሉኝ። መልሳቸው ቀና ነበር፣ ግን አላሳረፈኝም። ሸሪዓው ነፃ ቢያወጣኝ አንቺ ነፃ አውጥተሽኛል ማለት ነው ወይ? ከሼሁ ቤት እስከ ዋናው መንገድ ይህንኑ እያልኩ መጣሁ።

ፈጅር ሰግጄ ከገረመው ጋር ተነሳን። ባዶውን ወደ ጅቡቲ እየወረደ ነበር። ገዋኔ ላይ ሻይ ስንጠጣ ለምን እንደምሄድ ነገርኩት።

«ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች? ጠፋሁ አላለችህ፣ ትምህርት ተውኩ አላለችህ» አለኝ።

«አማና ነው ገረመው። አንተ አይገባህም።»

«እኔ አይገባኝም? አባቴ እኮ ቄስ ላደርገው ብሎ ተስሎብኝ ነበር። ይኸው ተሳቢ እየቀደስኩ ነው!»

ሻይ የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በመንገዱ ላይ ሕመምሽን ነበር የማስበው። ያ ትኩሳት ይመጣና ይሄዳል። ሲመጣ ጉልበትሽንና ወገብሽን ይቆረጥምሽ ነበር፣ ሲሄድ ተነስተሽ ዱቄት ታቦኪያለሽ፣ ዳንኩ ትያለሽ። አንዱ ክሊኒክ ወባ ነው አለን። ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ነው አለን፣ ያንን ደጋግመው አሉን። ሪህ ያለም ነበር፣ ጨጓራ ያለም ነበር። ወረፋ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳይቀር ስም ያወጣልሽ ነበር። ለእያንዳንዱ ስም መድኃኒት ነበረው፣ አንቺም ሁሉንም ቢስሚላህ ብለሽ ዋጥሽ። በመጨረሻ አዳማ ሄድን፣ እዚያም መልስ ሳናገኝ ተመለስን። እኔ የማስታውሰው እንዲያ ነበር።

ሰመራን አይተሻት አታውቂም። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ነፋሱ ፊትሽን ይለበልበዋል፣ ሕንፃው አዲስ፣ በመካከሉ ያለው ሜዳ ደግሞ ባዶ። ገረመው የአስር ሶላት ሳይደርስ ከግቢው በር አወረደኝና «ዶክተሯን እንዳትገርፋት» ብሎኝ ሄደ። ሀያት እየሮጠች መጣች። ከስታለች፣ ግን ዓይኗ ደህና ነው። ዳስ ተጥሎ ሻይ የሚሸጥበት ቦታ ወሰደችኝና ተቀመጥን። ያመጣሁላትን ዳቦ ፈታ መብላት ጀመረች። እኔ መንገድ ላይ ስሰካካው የመጣሁትን ንግግር አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የመጨረሻ ቃልሽን፣ የበሩን አልጋ፣ አማናውን። እስከዚያ ድረስ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ዳቦውን አስቀመጠችው። «ደጅ ልብስ ሳጥብ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ እኔ ቀጠልኩ። «ታዲያ ከሰማሽ፣ ይሄንን የመረጥሽው ለእናትሽ ብለሽ ነው? በሽታዋ ስላልታወቀ ነው?»

«ሰው ሁሉ እንዲያ ይለኛል። እማ ብትድንም ይሄንኑ ነበር የምማረው። አባ፣ በየሄድንበት ደሟን ሲወስዱ እናንተ አግዳሚው ላይ ትቀመጡ ነበር። እኔ የላብራቶሪው መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተቀደደበት ቦታ ፈልጌ አጮልቄ አይ ነበር። ያቺን ጠብታ መስታወት ላይ ይቀቧታል፣ ቀለም ያፈሱባታል፣ ያጥቧታል፣ ከዚያ አጎንብሰው ያያሉ። ምን እንደሚያዩ ማየት አማረኝ። እናንተ የበሽታውን ስም ትጠብቁ ነበር። እኔ ስሙ ከየት እንደሚመጣ ነበር የጨነቀኝ። ሐኪሙ እኮ ከመስኮቱ ወዲህ ነው። እኔ ወዲያ መግባት ነው የምፈልገው።»

እንዲህ ረዘም አድርጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። አንቺ ስለምትወጂው ነገር ስታወሪ እጅሽ እንደማያርፈው እጇ አላርፍ አለ።

ሲኒየሮች፣ ቀድመዋት የገቡት ተማሪዎች፣ ያስነበቧትን ነገር ነገረችኝ። የከብት፣ የፍየልና የግመል በሽታ አለ፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚመጣ። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ያልባል። ወባም ታይፎይድም ይመስላል፣ ለብቻው ካልተፈለገ አይገኝም። እየሰማሁ ሳለ አንቺ ታየሽኝ፤ ጠዋት ከፋጡማ ዕቃ ቀጥታ አስቀድተሽ፣ ቆመሽ፣ ከንፈርሽ ላይ አረፋው ሳይጠረግ ብርጭቆውን ስትጨርሺ።

«እናትሽም እሱ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም አባ።»

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«አሁን እኮ ራስሽ ነገርሽኝ። ትኩሳቱም ቁርጥማቱም የእሷው ነው።»

«ይመስላል። ግን ሌላም ብዙ ነገር ይመስላል። ደሟ የለንም። በሌለ ደም ላይ ስም አልለጥፍባትም፤ በቁሟ የለጠፉባት ይበቃታል።»

ሰዓዳዬ፣ ይሄን ጊዜ ነው አዳማ ትዝ ያለኝ፣ እኔ ረስቼው የነበረው አዳማ። መስኮቱ ላይ የነበረችውን ልጅ ታስታውሻታለሽ? ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ። ውጤቱን ስንጠይቃት «ወባ የለም። ሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም። መፈለግ ያለበት ነገር አለ፣ እኛ ጋ ግን መመርመሪያው የለም። ቢቻላችሁ አዲስ አበባ ውሰዷት» አለችን። እኔ ጮኽሁባት። እዚህ ድረስ የመጣነው አላውቅም ለመባል ነው ወይ አልኩ፤ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሀያት እጄን ጎተተችኝ። አንቺ ግን ግድግዳውን ተደግፈሽ ወደ መስኮቱ ተመለስሽና መዳፍሽን ዘርግተሽ መረቅሻት። «አላህ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ያላየሽውን ከመናገር ይጠብቅሽ» አልሻት። ልጅቷ ደንግጣ አሜን አለች። አዲስ አበባ ለመሄድ አቅምሽ አልጠበቀሽም፤ በዚያው ሳምንት ደከምሽ።

ያ ሁሉ ሰው መድኃኒት ሰጠሽ። አንዱንም መርቀሽ አላየሁም። ያቺን አላውቅም ያለችሽን ብቻ መረቅሽ።

ዳሱ ስር ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ይሄ ፈቃድ ነው ወይስ እኔ ስለቸገረኝ ፈቃድ እያስመሰልኩት ነው? ስትመርቂያት ስለ ሀያት አላሰብሽም ይሆናል። ደክሞሽም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዶክተር አድርግልኝ ያልሽው አንቺው ነሽ። ሁለቱንም ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ደግሞ አንዱን ብቻ ይዤ ኖሬያለሁ። ምናልባት ዶክተር ስትዪ ከስሙ ይልቅ እንዲያ ያለች ሰው ማለትሽ ይሆናል። አላውቅም። አየሽ፣ እኔም ማለት ጀመርኩ።

ሀያት «ቀይሪ ካልከኝ እቀይራለሁ፤ ምርጫው ነገ ነው የሚዘጋው» አለችኝ። ወላሂ፣ ትቀይር ነበር። ፊቷን አይቼዋለሁ።

መዳፌን ዘረጋሁ። እሷም ዘረጋች። «አላህ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ያላየሽውን ከመናገር ይጠብቅሽ» አልኩ። አሚን ከማለቷ በፊት ከየት እንደመጣ አወቀችው፣ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ሻይ ሻጯ «ምነው፣ ሻዩ አልጣመም እንዴ?» ብላ መጣች።

እንግዲህ ወደ ወተቱ። ሀያት በእረፍት ስትመጣ መጀመሪያ ያዘዘችኝ እሱን ነው፤ «ለእማ አይደለም፣ ነገ ለሚጠጣው ነው» ብላ። እኔም ለማንም ምክንያቱን ሳልናገር ማፍላት ጀመርኩ፣ የፋጡማም ቅሬታ ከዚያ መጣ። ሀያት ይሄን ስታይ እኔን አልጠየቀችም፤ አንድ ጠዋት ፋጡማን ጥላው ስር አስቀመጠቻትና በአፋርኛ ረጅም ወሬ ጀመረች። እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት። ፋጡማ ድንገት ወደ አማርኛ ዞረች፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ፦ «እናትሽን ወተቴ ነው የገደላት ነው የምትዪኝ?»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ሀያት ቀና ብላ አየቻት። «አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩሽ። የሚያውቅ ሰው የለም። አፍልተን ብንጠጣው ግን ማንም አይጎዳም» አለቻት።

ፋጡማ የወተት ዕቃዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ «እሷን እኮ እንደ እህቴ ነበር የማጠጣት። ከላይ ያለውን ነበር የምቀዳላት» አለች። ሀያት እጇን ያዘቻት። በኋላ ፋጡማ ስትነሳ «ጢሱስ? ጢሱንም ልተወው?» ብላ ጠየቀቻት፤ የዋዛ አልነበረም። ሀያት «ጢሱን አትተዪው፣ ያለ እሱ ማን ይጠጣዋል!» ስትላት ሁለቱም ሳቁ። አሁን ለልጅ ልጆቿ አፍልታ እንደምትሰጥ ሰምቻለሁ። ራሷ ግን አትጠጣውም፣ የፈላ ወተት ሬሳ ነው ትላለች።

ሀያት ትምህርቷን ቀጥላለች። ባለፈው ስትደውል የሰው ደም በማይክሮስኮፕ እንዳየች ነገረችኝ፤ የራሷን ነው፣ ጣቷን ወግታ። ምን ታየሽ ስላት ክብ ክብ ነገር፣ መሐሉ ሳሳ ያለ አለችኝ። «ደህና ነው?» ብዬ ደነገጥኩ። ሳቀችብኝ። አንቺ ብትኖሪ ከእኔ ቀድመሽ ትጠይቂያት ነበር።

የአማናው ነገር አሁንም አልፎ አልፎ ከሶላት በኋላ ይመጣብኛል። በልቼብሽ እንደሆነ አፉ በይኝ። እኔ እንዳልበላሁት ነው የሚሰማኝ፤ ግን ይህንን አንቺ በሌለሽበት ብቻዬን መወሰን ነበረብኝ፣ የከበደኝም እሱ ነው። ባቲ ዒድ ላይ ለእናትሽ በግልጽ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ጉልበቴን አታይልኝም ማለት ነው?» አሉ። ደሙን ታየዋለች አልኳቸው። ይሁን ብለው መረቋት።

አሁን ሹፌሮቹ «ዶክተሯ እንዴት ነች?» ሲሉኝ ዶክተር አልሆነችም፣ ላብራቶሪ ነው የምትማረው እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር። ገረመው ግን አልተወም፣ ዶክተር ነው የሚላት፤ አልሰማህም ወይ ስለው «ቄስም ሳልሆን አባቴ እስኪሞት አባ ይለኝ ነበር» አለኝ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። አዲስ ሰው ሚስትህ በምን ሞተች ብሎ ሲጠይቀኝ ለዓመታት ታይፎይድ ነው እል ነበር። ለጠያቂውም ለእኔም ይቀልል ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ እንግዳ እዚሁ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ። ወተቱ ምድጃው ላይ ነበር፣ ሊገነፍል ሲል አወረድኩት፣ ለእሱም ቀዳሁለት።

«አላውቅም» አልኩት። «አላህ ያውቃል። ልጄ ደግሞ እየተማረች ነው።»

ሰዓዳዬ፣ በየማለዳው ወተቱን ስጥድ ቢስሚላህ እልና እስኪፈላ ለአንቺ ዱዓ አደርጋለሁ። ወተት ጥዶ የሚሄድ የለም፣ ቆሞ መጠበቅ ነው። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ያቺ ሰዓት የአንቺ ናት።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ።

ባልሽ አሊ፣ ከአዋሽ